ወባ አልነበረም

ወንድሜ በምን እንደሞተ የሰማሁት ከተቀበረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ፣ ጅዳ፣ በገዛ ቤቴ፣ የሻይ ፔርሙዝ በእጄ ይዤ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወባ ገደለው ብዬ አምን ነበር። እናቴ ዛሬም እንደዚያ ታምናለች።

ባለቤቴ የወሎ ሰዎችን ምሳ ጠርቶ ነበር። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ ነን። ከእንግዶቹ አንዱ ለዑምራ የመጣ የደሴ ሰው ነው፤ ድምፁ ጎላ ያለ፣ ጨዋታ የሚያውቅ። ስለ ደርግ ጊዜ ኳስ ያወራል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ። አልዋሽም፣ እኔም ሻዩን እየሞላሁ ፈገግ ብያለሁ። የአገር ቤት ወሬ ነዋ።

«የሐረጎን ዳገት ስንወጣ መኪናው በተጠመዘዘ ቁጥር ልጁ ያስመልሳል» ይላል ሰውየው። «ራሱን አያውቅም። ተሸክመን ቤቱ ስናደርሰው እናቱ በር ላይ ቆመዋል! የሐጂ ቤት ነው፣ መጠጥ በደጁ አልፎ አያውቅም። ምን ይባላል? እኔ ፈጠን አልሁና ‹አብሽሩ እትዬ፣ ወባ ነው፣ ኮምቦልቻ ይዛው ነው› አልሁ።»

«እና አመኑህ?»

«አመኑህ ትላለህ? ክኒን አመጡ አሉ እንጂ! ለካቲካላ የወባ ክኒን!»

ሳሎኑ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ሳቁን ሳይጨርስ «ልጁስ?» አለ።

«ልጁማ…» አለ ሰውየው። «ልጁማ ሞተ። የአላህ ቀደር ነው። እስቲ ሻይ ጨምሩልኝ።»

ሻዩ እኔ ጋ ነበር።

ፔርሙዙን መሬት አስቀመጥሁት። ለእንግዳ ወንድ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቅ ሴት ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬም እንደዚያው ነኝ። የዚያን ቀን ግን መጋረጃውን ሳልነካ ቆምሁና «ልጁ የሎሚ ዘንቢል ይዞ ነበር?» አልሁ።

አንድ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ።

«ይዞ ነበር» አለ ሰውየው። «አንቺ ማን ነሽ?»

«እህቱ ነኝ። ክኒኑን ያመጣችውም እናቴ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ያ ሁሉ ጨዋታ ከአፉ ጠፋ። «እታለም» አለኝ፤ ወንድሜ እኔን የሚጠራበት መጠሪያ ነበር። «እታለም፣ እኛ እኮ ልጆች ነበርን።»

«እሱም ልጅ ነበር» አልሁት። «አሁን አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»

ነገረኝ። ባለቤቴ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ የከሰዓቱ የአስር ሶላት እስኪደርስ ነገረኝ። ከዚህ በታች ያየሁትን እንዳየሁ፣ የሰማሁትን እንደሰማሁ ለይቼ እጽፋለሁ። ከዚያ ሰው ቃል ላይ አንዲት አልጨምርም፤ መጨመር ሳያስፈልገው ይበቃል።

ወንድሜ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ቤታችን ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ነው፣ አባቴ ሰኞ ገበያ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ወንድሜ ቁርዓን ይቀራል፣ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ከሁለቱ የቀረውን ቀን ኳስ ይጫወታል። አባቴ ኳሱን አልጠላም፤ የጠላው ቁምጣውን ነው። «ጉልበትህን ለሰው እያሳየህ አትሮጥም» አለው። እናቴ ከሱቅ ከተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ከጉልበት በታች የሚደርስ ሱሪ ሰፋችለት። ሜዳ ላይ «ባለ ረጅም ሱሪው» ይሉት ነበር። እቤት መጥቶ የሚሉትን በድምፃቸው እየደገመ ያጫውተናል፤ እኛ ስንስቅ እሱም ይስቃል። እኛ ፊት ብቻ ይስቅበት እንደነበር አሁን ነው የገባኝ።

ኳሱ የቀበሌው የወጣት ማኅበር ነው። በዚያ ዘመን ልጁን ከማኅበር የሚያስቀር አባት ስሙ በስብሰባ ይነሣል፤ አባቴ ነጋዴ ነበርና ስሙ እንዲነሣ አይፈልግም። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሃያ አምስት ዓመት ያለፈው፣ በጢሙ የሚመካ ሰው ነበር፤ ልጆቹ ሲያዩት ይንቀጠቀጣሉ፣ ሲያመሰግናቸው ይሰክራሉ። ከድል በኋላ ከራሱ ጋር ካቲካላ ቤት ያስገባቸው ነበር። ይህን እኔ ከወንድሜ አፍ ሰምቼው ነበር። አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ቁጭ አለና እንዲህ አለኝ፦

«እታለም፣ ልጆቹ እኮ ይጠጣሉ።»

«አንተስ?»

«ወላሂ አልጠጣሁም። ግን ሼሁ ይሉኛል። ሴት ነህ ይሉኛል።»

«ሁለተኛ ከነሱ ጋር ባይህ ለአባ እናገራለሁ!»

ከዚያ ወዲያ ስለነሱ አንዲት ቃል ነግሮኝ አያውቅም። ጥንቁቅ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ጥንቃቄዬ የልጁን አፍ ዘጋ፤ ሌላ ምንም አልሠራ።

ወንድሜ የሞተበት ሳምንት ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚነሣበት ወር ላይ ነበር። ማኅበሩ ኮምቦልቻ ወርዶ ሊጋጠም ነው ተባለ። አባቴ ከለከለ። «ደጋ ለምዶ ያደገ ልጅ በዚህ ወር ቆላ አይወርድም፣ ወባ አለ» አለ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ። ወንድሜ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው እናቴ አንጀቷ አልችል አለ። እሑድ ጠዋት አባቴ ወደ ሱቅ እንደወጣ ዘንቢል ሰጠችውና «ኮምቦልቻ አክስትህ ዘንድ ሄደህ ሎሚ አምጣልኝ። አባትህ ቢጠይቅ እኔ ላክሁት እላለሁ» አለችው። ልጁ እግሯ ላይ ወድቆ ጉልበቷን ሳመ። ሰማያዊውን ሱሪ ከዘንቢሉ ሥር ጠቅልሎ ሲያስገባ አይቻለሁ። እሷም አይታለች፤ ፊቷን አዞረች።

ቀጥሎ ያለው ከመጋረጃው ማዶ የሰማሁት ነው።

ሲወርዱ መኪናው ላይ ወንድሜ «አባቴ ወባ ፈርቶ ነው የከለከለኝ» ብሎ አጫውቷቸዋል። ስቀዋል። ኮምቦልቻ እንደደረሰ አስቀድሞ አክስቴ ዘንድ ሮጦ ዘንቢሉን አስሞላ፤ የእናቱን ቃል ሳይፈጽም አልተጫወተም። ከዚያ ተጫወቱ፣ አሸነፉ፣ ዋንጫ ተሰጣቸው። ሰብሳቢው ከገበያው ጀርባ ካለ ካቲካላ ቤት አስገባቸውና ዋንጫውን ካቲካላ አስሞላው። ሥርዓቱ፣ ዋንጫው ይዞራል፣ ሁሉም ይጎነጫል። ወንድሜ ጋ ሲደርስ ሳይጠጣ አሳለፈው።

«ምነው ሼሁ፣ ዋንጫው ረከሰብህ?»

«ተዉት፣ ጉልበቱን እንደሸፈነ ምላሱንም ሸፍኗል!»

«ወተት አምጡለት እንጂ!»

ሰብሳቢው አልሳቀም። «በሃይማኖት ተገን ከጓዶች መለየት የአድሃሪ ሥራ ነው» አለ። በዚያ ዘመን ያ ቃል በአንድ ልጅና በአባቱ ላይ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ በዚያ ቤት አልነበረም። ወንድሜ ተጎነጨ። አጨበጨቡለት። ሰብሳቢው ዋንጫውን እንደገና አስሞላና «ይቺን ብቻህን ከጨረስህ በሚቀጥለው አምበሉ አንተ ነህ» አለው። በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ውሃ የሚጠጣ መስሎት፣ አፉ እየተቃጠለ፣ ሁሉም ስሙን እየጠሩ። «ጎበዝ!» አሉት። ሰውየው እዚህ ላይ ድምፁ ዝቅ አለ። «ደስ ብሎት ነበር እታለም» አለኝ። «ያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።»

ይህን ለመጽናኛ ነው የነገረኝ። አላህ ይየው።

ከዚያ ትንሽ ዘፈነ፣ ትንሽ አለቀሰ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ ከዚያ አልነሣ አለ። ሰብሳቢው «ይተኛና ይለፈዋል» ብሎ ጨዋታውን ሊያዩ ከመጡ ሹማምንት ጋር በሌላ መኪና ሄደ። ልጆቹ በኤንትሬ የጭነት መኪና ጭነው አመጡት። ደሴ መግቢያ ላይ አወረዱትና ቦኖ ውሃ ዳር አስቀመጡት። መጠጥ መጠጥ መሽተቱ አስፈራቸው። አንዱ «ሎሚ ስካር ያበርዳል» አለ። የእናቴን ሎሚ እየቆረጡ አፉ ውስጥ ጨመቁበት፣ ፊቱንና ሸሚዙን አሹበት። ዘንቢሉ ከግማሽ በታች ሆነ። ሆስፒታሉ ከቦኖው ወደ ቤታችን ካለው መንገድ አይርቅም ነበር። ሆስፒታል እንውሰደው ያለ ሰው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አንዱ ብሎ ነበር» አለ። «ግን ሐኪሙ ሰክሯል ብሎ ቢጽፍስ? ሰብሳቢው ይጠየቃል። እኛም እንጠየቃለን። የሱም አባት ቢሰሙ ይገድሉት ነበር።»

አባቴ ዝንብ ገድሎ አያውቅም።

ቀሪውን እኔ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከአስር ሶላት በኋላ ነው። አራት ሆነው እጅና እግሩን ይዘው ገቡ፣ አምስተኛው ዘንቢሉን ይዟል። እናቴ በር ላይ ነበረች። «አብሽሩ እትዬ» አለ አንዱ፤ አዎ፣ ድምፁ ያኔም ጎላ ያለ ነበር፤ «አብሽሩ፣ ወባ ነው።» እናቴ ደረቷን ያዘች። ወባ ከሚለው ቃል በቀር የሰማችው ነገር አልነበረም። አባቴ የፈራውን፣ እሷ የደበቀችውን፣ በአንድ ቃል ተሸክመውላት መጡ። ልጆቹ ውሃ እንኳ አልጠጡም፤ ተቻኩለው ወጡ። እናቴ ከኋላቸው «አላህ ይስጣችሁ ልጆቼ፣ አላህ ያሳድጋችሁ» ትል ነበር። እናንተ ልጆች፣ አደጋችሁ። ዱዓዋ ደርሷል።

አልጋ ላይ በጀርባው አስተኛነው። ሁለት ብርድ ልብስና ጋቢ ደረብንበት። የወባ ክኒን ከጎረቤት ለምኜ አመጣሁ፣ መዋጥ ስላልቻለ በማንኪያ ፈጭቼ በውሃ በጥብጬ ጥርሱን ከፍቼ አፈሰስሁለት። ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ከሎሚው ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚወጋ። ከኛ ቤት የዚያን ሽታ ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቤታችን ንጹሕ ስለነበር ነው ልጁን ማዳን ያልቻልነው። እውነት ነው። ከሱቃችን ፊት ለፊት መጠጥ የምትሸጥ ማንኛዋም ሴት ብትገባ ገና ከበሩ «ይህ ልጅ ጠጥቷል» ትል ነበር።

እጁን ስይዘው ቀዘቀዘኝ። «እማ፣ ይበርዳል እኮ። ወባ አያተኩስም?»

«ወባ መጀመሪያ ያበርዳል፣ ኋላ ነው የሚያነደው» አለችኝ።

ያንኮራፋል፤ በረጅሙ ይስብና ይቆያል፣ ደግሞ ይስባል። «እንቅልፍ ወሰደው፣ አልሐምዱሊላህ» ተባባልን።

አባቴ ከሱቅ ሲመጣ ልጁን አየ፣ ዘንቢሉን አየ፣ እናቴን አየ። «ላክሽው?» አላት። «ላክሁት» አለችው። ሌላ አልተናገረም። ፀሐይ ስትጠልቅ መግሪብ አዛን አለ። ሦስታችንም ወደሚቀጥለው ክፍል ገብተን ሰገድን። አባቴ ያን ቀን ዱዓውን አስረዘመ፣ ለልጁ ነበርና። እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። ስመለስ ልጁ እንደተኛ አስመልሶ ነበር፤ ያስመለሰው አፉንና አፍንጫውን ሞልቶታል፤ ፊቱ ጠቁሯል። ገለበጥሁት፣ ጠራሁት፣ በጣቴ አፉን ጠረግሁ። አልጠበቀንም፤ ሞቶ ነበር።

እዚህ ጅዳ የምትሠራ አንዲት ነርስ ጎረቤት አለችኝ። መጋረጃው ሥር የሰማሁትን ከሰማሁ በኋላ ሄጄ ጠየቅኋት። መጠጥ ራሱን ያሳተው ልጅ በጀርባው አይተኛም፣ በጎኑ ነው የሚተኛው፤ በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ለአፍታም ብቻውን አይተውም፤ ሰውነቱ ከቀዘቀዘና ትንፋሹ ከተራራቀ እንቅልፍ ነው ተብሎ አይጠበቅም፣ ሆስፒታል ይሮጣል። የልጅ ሰውነት የትልቅ ሰው ያህል አይችልም አለችኝ፤ በአንድ ትንፋሽ የጠጣው፣ ሲያጨበጭቡለት እንኳ ገና ወደ ደሙ አልደረሰም ነበር። እኛ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላደረግንም። የነገራችሁንን በሽታ ነው ያከምነው።

ያ ሰው ሲወጣ ባለቤቴን «ዐፍው ትበለኝ፣ ይቅር ትበለኝ» ብሎት ነበር። አላልሁም። ለኔ ሳይሆን መጀመሪያ መመለስ ያለበት የሌላ ሰው ሐቅ አለ።

እናቴ አለች። ሆጤ፣ እዚያው ቤት፣ አርጅታ አለች። አባቴ እስኪሞት ከ«ላክሽው?» በቀር አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገራትም፤ እሷ ግን ያቺን አንድ ቃል በየቀኑ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሎሚ በቤቷ አልገባም። የልጅ ልጆቿ ኮምቦልቻ ይወርዳሉ ሲባል በር ላይ ትቆማለች። ስደውልላት፣ ስለ ጉልበቷ አውርተን፣ ስለ ዝናብ አውርተን፣ ደህና ሁኚ በሚባልበት ቦታ ሁልጊዜ ያችኑ ትላለች፦ «እኔ ነኝ ወደ ወባ የላክሁት። አላህ ይጠይቀኛል።»

በስልክ ልነግራት ሞክሬያለሁ። «ልጄ ሐራም አልቀመሰም» አለችኝ። «ሙት አይታማም። ማን ነው ይህን ያስወራሽ?» ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። የሷን ጥፋት ለማቅለል ወንድሜን ያጎደፍሁ መሰላት። ለብዙ ጊዜ እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ፤ ልጇ በካቲካላ መሞቱን ከምትሰማ ወባ ብላ ብትሞት አይሻላትም? አይሻላትም። ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ ብላ ወደ ጌታዋ እየሄደች ነው፤ ያልሠራችውን ተሸክማ። የልጁ ኃጢአት ከሆነ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አፍ ላይ ዋንጫ የደገነው ይጠየቅበት።

ስለዚህ እናንተ፣ ተሸክማችሁ ያመጣችሁት። ስማችሁን ያ ሰው ነግሮኛል። እዚህ አልጻፍሁትም፣ አልጽፈውምም፤ ልጆች አሏችሁ። ከናንተ ሦስታችሁ ዛሬም ደሴ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። በሰኞ ገበያ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ። ስትሰባሰቡ የልጅነት ነገር እያላችሁ የወባውን ክኒን ታወሩታላችሁ። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ መጠጣት ለልጅ ጨዋታ እንደሆነ፣ የሚያስፈራው ሽታው ብቻ እንደሆነ ከናንተ ይማራሉ። በዚህም እጠላችኋለሁ። በቁርዓን ያደግሁ ሴት ነኝ፣ ጥላቻ እንደማይጠቅመኝ አውቃለሁ፤ እስካሁን ግን ከልቤ አልወጣም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እናቴ ዘንድ ሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ምስክርነት ነውና። በአስርና በመግሪብ መካከል ሂዱ፤ በዚያ ሰዓት ብቻዋን በር ላይ ትቀመጣለች። ዓይኗ ደክሟል፣ አታውቃችሁም፤ ማን እንደሆናችሁ ንገሯት። አብሽሩ እንዳትሏት። ቀደር ነው እንዳትሏት፣ እሱን እሷ ከናንተ በላይ ታውቃለች። አጠገቧ መሬት ቁጭ በሉና እንዲህ በሏት፦ «ወባ አልነበረም። እኛ ነን ያጠጣነው፣ እኛ ነን የዋሸንዎት። እርስዎ የላኩት ሎሚ እንዲያመጣ ነው። እሱም አስቀድሞ ሎሚውን ነው ያመጣው።»

ልትጮህባችሁ ትችላለች። ዝም ብላችሁ ስሟት። ከዚያ ያስወጣቻችሁ እንደሆነ ውጡ፤ ሎሚውን በምን እንደጨረሳችሁት ከጠየቀቻችሁ ግን ሳትነግሯት እንዳትነሡ።